ዝናሽ በሩን የዘጋችበት ሳምንት

እሑድ ከሰዓት፣ ቢልመር

ይህ ጉዞ የተጀመረው በጭቅጭቅ ነው። ሻንጣዬን ዘግቼ ጫማዬን ሳስር፣ ልጄ ቤተል ከክፍሏ ደጃፍ ላይ የተሰቀለውን መጋረጃ ገልጣ ብቅ አለች።

«ማማ፣ ቅዳሜ ስንት ዓመት እንደሚሞላኝ ታውቂያለሽ አይደል?»

«አሥራ ስድስት። እኔ ነኝ እኮ ያማጥኩት።»

«እሺ። እስከ ቅዳሜ በር ካልኖረኝ ፓፓ ጋ እሄዳለሁ። ለጉብኝት እንዳይመስልሽ። ኸዎን ልኖር።»

«ኸዎን» በደች፣ በሆላንዶች ቋንቋ፣ «በቃ፣ እንዲያው» እንደ ማለት ነው። ቤተል ያለዚህች ቃል አፏ አይከፈትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኛ ቤት ከመግቢያው በስተቀር በር የለም። መታጠቢያ ቤቱም መጋረጃ ነው። ቤተል ገና ስትድህ እኔው ራሴ ካቻቢቴ ይዤ የውስጥ በሮቹን ከነማጠፊያቸው ነቅዬ፣ ምድር ቤት ካለው ዕቃ ማስቀመጫችን ወስጄ ከብስክሌቱ ጀርባ ደረደርኳቸው። የተዘጋ ነገር አልወድም። ሊፍት አልገባም፤ አራተኛ ፎቅ የምወጣው በእግሬ ነው። ለምን እንደሆነ ለቤተል ነግሬያት አላውቅም። ስትጠይቀኝ «አየር ይዘዋወር ብዬ ነው» እላታለሁ። ልጅ ሳለች ታምነኝ ነበር፤ አሁን ግን በአየር የምትታለል አልሆነችም።

አባቷ ከአዲሷ ሚስቱ ጋር አምስተልቨን ይኖራል። አንድ ጊዜ ቤተልን ላደርስ ሄጄ ያዘጋጁላትን ክፍል አየሁት። ነጭ በር፣ ከውስጥ የሚዞር ቁልፍ። ሴት በሴት ትቀናለች ሲባል እሰማለሁ፤ እኔ ግን በሚስቱ አልቀናሁም፣ በበሩ ቀናሁ። የእኔ ልጅ የምትመኘውን ነገር እነሱ ከግድግዳ ጋር ገዝተውታል፤ እኔ ደግሞ ያለኝን ነቅዬ ቆልፌበታለሁ።

«እስከ ቅዳሜ አስብበታለሁ» ብዬ ልስማት ስል ፊቷን አዞረችብኝ። እንዲሁ ወጣሁ።

የምሄደው ለሥራ ነው። አስተርጓሚ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው ከኩሽናዬ በስልክ ነው፤ ሐኪሙ በአንድ በኩል፣ የእኛ ሰው በሌላ በኩል፣ እኔ ከሽንኩርቴ አጠገብ። ይህኛው ሥራ ግን በአካል መገኘት ይጠይቃል አሉኝ። በሴቶች እስር ቤት ውስጥ አጭር የትራውማ ሕክምና ይሰጣል። ትራውማ የሚሉት ሰው ክፉ ነገር ካሳለፈ በኋላ ውስጡ የሚቀረውን ቁስል ነው። ሕክምናው ከሰኞ እስከ ሐሙስ በየቀኑ፣ ጠዋትና ከሰዓት ይሰጣል፤ ከዚያ ያበቃል። ታካሚዋ አማርኛ ተናጋሪ ናት፤ ሴት አስተርጓሚ ነው የፈለገችው።

አስተርጓሚ ምስጢር ጠባቂ ነው፤ ስለዚህ አንድ ነገር አስቀድሜ ልናገር። ዝናሽ የምላት ሴት ስሟ ዝናሽ አይደለም። እስር ቤቱ ከሮተርዳም ወጣ ብሎ ነው ከማለት በቀር ቦታውን አልጠራም። ምን ብታጠፋ እንደታሰረች አልጠየቅኳትም። ይህን እንድጽፍ ግን ራሷ ፈቅዳልኛለች።

በጎዳ በኩል

ከቢልመር ሄግ በስኪፖል በኩል ቶሎ ይደረሳል። የስኪፖል ባቡር ጣቢያ ግን ከምድር በታች ስለሆነ እኔ በኡትሬክት አድርጌ፣ ጎዳ ላይ ባቡር ቀይሬ ነው የምሄደው። መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። በመስመር የተቀደዱ ቦዮች፣ ጭቃ ላይ የተኙ ላሞች፣ በየመስኩ የሚግጡ ዝይዎች። ዝይ እንደ በግ ሲግጥ መጀመሪያ ያየሁት እዚህ አገር ነው። ጎዳ ጣቢያ አንድ ቡና በሦስት ዩሮ ተኩል ጠጣሁ፤ ቀጭን ናት፣ ግን ትሞቃለች።

ሄግ የማርፈው እትዬ ዘነበች ቤት ነው። እትዬ ዘነበች ሰባ ያለፋቸው፣ ዕድሜያቸውን በቢሮ ጽዳት የፈጁ፣ አሁን ጡረታ ወጥተው ትልቁ ገበያ አጠገብ የሚኖሩ ሴትዮ ናቸው። እዚህ አገር ስገባ መጀመሪያ ያስጠጉኝ እሳቸው ነበሩ። ሮተርዳም የማውቀው ሰው የለኝም፣ ለሆቴል ደግሞ ማንም አይከፍልልኝም።

ምስር ወጥና ጎመን አቅርበውልኝ እየበላን፣ «ነገ በስንት ሰዓት ትነሻለሽ?» አሉኝ።

«በጠዋት። በጎዳ ስለምሄድ ይርቃል።»

«በጎዳ? ከዚህ ሮተርዳም በደልፍት ሃያ ምናምን ደቂቃ አይደለም እንዴ? ደልፍት ምን አጠፋሽ?»

«ደልፍት ላይ ባቡሩ መሬት ውስጥ ይገባል፣ እትዬ።»

«እና? ይወጣል እኮ!»

ሳቅኩ። እሳቸው ግን አልሳቁም፤ አንገታቸውን ነቅንቀው ጎመን ጨመሩልኝ።

ሰኞ

እስር ቤት ሲገባ ስልክ፣ ቀበቶ፣ ሰዓት፣ የፀጉር ጌጥ ሁሉ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ከዚያ ሁለት በሮች ያሉት ጠባብ ማለፊያ አለ። የኋላው ሳይዘጋ የፊተኛው አይከፈትም። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። የኋላው ሲዘጋ ግንባሬን የፊተኛው በር መስተዋት ላይ ለጥፌ አቡነ ዘበሰማያትን ጀመርኩ፤ «ይትቀደስ ስምከ»ን እንኳ ሳልጨርስ ተከፈተ። ዘበኛዋ «ደህና ነሽ?» አለችኝ። «ደህና ነኝ» አልኩ። ውስጡን ለቄስ።

ሐኪሟ አኔከ ትባላለች። ረጅም፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሆላንዳዊት ናት። ክፍሏ ውስጥ ሦስት ወንበር፣ አንድ ማሰሮ አበባ፣ ግቢው የሚታይበት መስኮት አለ። ዝናሽ ገባች። ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው፤ ሹሩባዋ የተፈታ፣ የሹራቧን እጅጌ እስከ ጣቶቿ የጎተተች። ከተቀመጠች በኋላ መጀመሪያ ያለችው ቃል፣ «በሩ አይዘጋ» ነበር።

ይህንን ስተረጉም ድምፄ ደስ አለው። እግዜር ይስጣት አልኩ በልቤ።

አኔከ፣ «በሩ ይከፈት፤ ኮሪደሩ ላይ ማንም እንዳያልፍ አደርጋለሁ» አለች። ከዚያ፣ «ሌላስ ምን ይመችሻል? መስኮቱ ይከፈት? ወንበሩን ላዙረው?» ብላ ጠየቀቻት። እኔ እዚህ አገር ስኖር ማን ነው «ምን ይመችሻል» ያለኝ? በዝናሽ መቅናት የጀመርኩት እዚያ ላይ ነው። ወንበር ይዙርልሽ ስትባል አይቼ ቀናሁ፤ ምን አለፋችሁ፣ ትንሽ ሆንኩ።

አኔከ ሥራውን አስረዳች። ጠዋት ጠዋት ዝናሽ ዓይኗን ጨፍና ከሁሉ የከፋውን ትዝታ ልክ አሁን እየደረሰባት እንዳለ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ትናገራለች። ከሰዓት ያንኑ ትዝታ እያሰበች፣ ግራና ቀኝ የሚወዛወዙትን የአኔከን ጣቶች በዓይኗ ትከተላለች። በመሃል ግቢው ውስጥ ትራመዳለች።

«አራት ቀን?» አለች ዝናሽ። «ስምንት ዓመት የተሸከምኩትን?»

«እስረኛ መቼ ወዴት እንደምትዛወር አይታወቅም» አለች አኔከ። «ረጅሙን ብንጀምር ቁስሉን ከፍተን ሳንዘጋው ልትሄጂብኝ ትችያለሽ። አጭር ያደረግነው ለዚህ ነው።»

የእኔ ሙያ አንድ ሕግ አለው። «እሷ እንዲህ አለች» አይባልም። ታካሚዋ «ፈራሁ» ካለች እኔም በደች «ፈራሁ» እላለሁ። ዝናሽ በስደት መንገድ ላይ ደላሎች የቆለፉባትን መስኮት የሌለው ክፍል ስትናገር፣ ያ ክፍል በእኔ አፍ የእኔ ክፍል ይሆናል። «ጨለማ ነው። ከበሩ ሥር ትንሽ ብርሃን አለ። እግር ይመጣል።» ያን ቀን ከዚህ አላለፈችም። እግሩ ጋ ስትደርስ አፏ ይታሰራል።

ማክሰኞ

ዝናሽ ፊቷ ተለውጦ መጣች። «ተኛሁ» አለች። «እስኪነጋ ድረስ ተኛሁ! ቁርስ ሊሰጡኝ ሲመጡ ነው የነቃሁት።»

አኔከ እጇን አጨበጨበች። እኔ ደግሞ «ተኛሁ» ብዬ ተረጎምኩ፤ ራሴ ዓይኔን ሳልከድን አድሬ። ሰው ሲሻለው ደስ ይላል አይደል? እኔ ግን ከፋኝ። እንዴት በአንድ ቀን? እንዴት እሷ?

እውነቱን ልናገር። እኔም ለዚሁ ሕክምና ተመዝግቤአለሁ። የቤት ሐኪሜ ወረቀት ጽፎልኝ ዓመት አልፎኛል። በደወልኩ ቁጥር ያች ጨዋ ድምፅ «ተራዎን ይጠብቁ፣ ዝርዝሩ ረጅም ነው» ትለኛለች። እነሆ አንዲት ሴት ታስራ ሐኪሟ ድረስ መጥታላት፣ ወንበር እያዞረችላት፣ ጣት እያወዛወዘችላት፣ ቃሉ ሁሉ በእኔ አፍ እያለፈ መድኃኒቱ ለእሷ ብቻ ይደርሳታል። ውሃ የሚያልፍበት ቧንቧ ራሱ አይጠጣም። በዚህ አገር ለመታከም መታሰር አለብኝ እንዴ ብዬ አሰብኩ። አስቤም አፈርኩ። አፍሬም ቅናቱ አልለቀቀኝም።

በምሳ ሰዓት ትንሽ ጊዜ ስለነበረን በአውቶቡስ እስከ ወንዙ ድረስ ሄድኩ። ሮተርዳም ነፋሷ ክፉ ነው፤ ጃንጥላ የያዘ ሰው እዚያ እንግዳ ነው ማለት ነው። አንድ የሱሪናም ሰዎች ሱቅ ውስጥ ድንችና ዶሮ የተጠቀለለበት ሮቲ የሚሉት ቂጣ በዘጠኝ ዩሮ በላሁ። ሻጯ፣ «ቅመሙ ይብዛ?» ስትለኝ፣ «እንዳይሳሳ» አልኳት። ሳቀችና ትንሽ ቃሪያ ጣል አደረገችበት። ድልድዩ ላይ ቆሜ ከታች የሚያልፉትን ጀልባዎች አየሁ። ሣጥን የመሰሉ የዕቃ መያዣ ኮንቴነሮች እየተደራረቡ ያልፋሉ። ሮተርዳም ወደብ መሆኗን ረስቼው ነበር። ጀርባዬን ሰጠኋቸው።

ማታ እትዬ ዘነበች ፊቴን አይተው፣ «ሥራው ጎዳሽ እንዴ?» አሉኝ።

«ሥራው ደህና ነው። ሴትዮዋ እየተሻላት ነው።»

«እና አንቺ ሰው ሲሻለው ነው የምታኮርፊው?»

«አላኮረፍኩም። ቀናሁ።»

እትዬ ዘነበች ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ከየት እንደመጣሁ ያውቃሉ። ምን እንዳለፍኩ ግን አንድ ቀን ጠይቀውኝ አያውቁም፣ እኔም ተናግሬ አላውቅም። በእኛ ዘንድ ደግነት ማለት እሱ ነው፤ አለመጠየቅ።

«እኛ ሆድ ይፍጀው ብለን ነው የኖርን» አሉ በመጨረሻ። «ዝም አይነቅዝም።»

«ይነቅዛል፣ እትዬ» አልኳቸው። «እኔ ነቅዣለሁ።»

እትዬ ዘነበች ሳህኔን አንሥተው ራሳቸው አጠቡት፤ እኔ ልጠብ ብላቸው እምቢ አሉ።

ረቡዕ

ዝናሽ ዓይኗን ጨፈነች። እንደለመድነው ጀመርን፤ እሷ በአማርኛ፣ እኔ ተከትዬ በደች።

«ክፍሉ ጨለማ ነው። ጉልበቴን አቅፌአለሁ። ከበሩ ሥር ብርሃን አለ። እግር ይመጣል። እግሩ በሩ ላይ ይቆማል።»



«ከዚያስ?» አለች አኔከ በቀስታ።

ዝናሽ ዝም። አፍንጫዋ ላይ ላብ ችፍ አለ። እኔ ግን ዝም አላልኩም። አፌ ሄደ። ሌላ ምን ልበል? አፌ ጥሎኝ ሄደ።

«አንኳኳለሁ» አልኩ በደች። «በሁለት እጄ ብረቱን እደበድባለሁ። ሁላችንም እንደበድባለን። ሹፌሩ ይሰማል፤ አይቆምም። አሸዋው ላይ እየነዳ ነው። አየር የለም። አጠገቤ ያለችው ልጅ እጇን አወረደች...»

«ሹፌር?» አለች አኔከ።

ዝናሽ ዓይኗን ገለጠች። እስር ቤት ውስጥ ደች ትማራለች፤ ማንኳኳትን፣ ሹፌርን፣ ብረትን ታውቃቸዋለች። እስከዚያች ቀን «እርስዎ» ትለኝ ነበር።

«ምንድን ነው ያልሽው?» አለችኝ። «እኔ አላንኳኳሁም። ባንኳኳ ይገድሉኝ ነበር። ትንፋሼን ውጬ ነው የተቀመጥኩት። ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ?»

ሌላም ሕግ አለን። ክፍሉ ውስጥ የተነገረ ነገር ሁሉ ይተረጎማል፤ ስድብም ቢሆን። ስለዚህ ወደ አኔከ ዞሬ በደች፣ «እኔ አላንኳኳሁም። ያንኳኳሽው አንቺ ነሽ?» አልኩ። የራሴን ጥያቄ በራሴ አፍ። አኔከ መነጽሯን አውልቃ አየችኝ። እኔ ነኝ በሚል ራሴን ነቀነቅኩ።

ዝናሽ አልጨረሰችም። ድምፅዋ እየተንቀጠቀጠ፣ «ይሄ ሰዓት የኔ ነው» አለች። «ከቤቴ ከወጣሁ ጀምሮ የኔ ብቻ የሆነ ሰዓት አግኝቼ አላውቅም። አልጋው የሰው፣ ልብሱ የሰው፣ ቀኑ የሰው። ይሄ ግን የኔ ነው። ያንቺን አትቀላቅይብኝ!»

እሱንም ተረጎምኩ። እንባዬ አገጬ ላይ እየወረደ ቃል በቃል ተረጎምኩ። እኔ በእሷ ስቀና እሷ ያላትን አንዲት ነገር እየቆረስኩባት ነበር።

አኔከ እረፍት አለች። ዝናሽን ዘበኛዋ ለመራመድ ወደ ግቢ ወሰደቻት፤ እኔና አኔከ ኮሪደሩ ላይ ቆምን።

«ለዚህ ነገር ታክመሻል?»

«ተራ እየጠበቅኩ ነው።»

«አዝናለሁ። እኔ ላክምሽ አልችልም» አለች። «በዚህ ሳምንት እኔ የእሷ ነኝ።»

 እኔ የእኔ የምለው ሐኪም የለኝም። ቢሆንም እውነቷን ነው። በስልክ ሌላ አስተርጓሚ ላገናኝ ወይስ አንቺው ትቀጥያለሽ የሚለውን ዝናሽ ትወስን ተባለ። ዝናሽ ከግቢው ተመለሰች፣ ጉንጯ በብርድ ቀልቷል። አየችኝ፣ አየችኝና፣ «እሷው ትጨርሰው» አለች። «አዲስ ጆሮ አላስገባም። ግን የኔን ብቻ።»

ከሰዓት ጣቶቹ ግራና ቀኝ ሄዱ። እግሩ መጣ፤ በሩ ላይ ቆመ። «ከዚያስ?» አለች አኔከ። ዝናሽ በዓይኗ ጣቶቹን ተከተለች። እኔ ምላሴን በጥርሴ ያዝኩ።

«እግሩ ሄደ» አለች።

«እግሩ ሄደ» አልኩ።

«ሄደ! ያን ቀን በሩን አልከፈተም። ሄደ እኮ!» ብላ ጮኸች፤ ሳቅም ለቅሶም ነበር። ለካ ያ እግር ስምንት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆሞባት ኖሯል። እኔም ደስ አለኝ፣ በእግዚአብሔር ደስ አለኝ። ግን አውቶቡስ ውስጥ ስገባ ያ ደስታ መረረኝ። የእሷ እግር ሄደ፤ የእኔ ሹፌር እስካሁን እየነዳ ነው።

ሐሙስ

በመጨረሻው ቀን ዝናሽ ሹሩባዋን ተሠርታ መጣች። ከጓደኞቿ አንዷ ናት የሠራቻት፤ ትንሽ ተንጋዷል። ገብታ አልተቀመጠችም። በሩ ጋ ቆማ እጀታውን ያዘች።

«ዛሬ ልዘጋው ነው» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ትችያለሽ?»

ተረጎምኩ፤ ከዚያ የራሴን መልስ በሁለቱም ቋንቋ ሰጠሁ። «አልችልም።»

«እንግዲያው አንቺ ከእጀታው አጠገብ ተቀመጪ» አለች። ወንበሬን ራሷ ጎትታ በሩ ሥር አደረገችልኝ። «እጅሽ እጀታው ላይ ይሁን። ካቃተሽ ትከፍቺዋለሽ። አልቆጣም።»

ሰኞ ወንበር ሲዞርላት የቀናሁባት ሴት ወንበሬን አዞረችልኝ። ከዚያ በሩን ዘጋችው። ራሷ፣ በራሷ እጅ፣ ቀስ ብላ። ብረቱ ቀጭ ሲል ዓይኗን አልጨፈነችም። ፊቷ ላይ ያየሁትን ነገር እንዴት እንደተመኘሁት! ገንዘብ ተመኝቼ አውቃለሁ፣ ባል ተመኝቼ አውቃለሁ፤ እንደዚያ ፊት የተመኘሁት ነገር የለም። እጄ እጀታው ላይ ዋለ፤ ግን አልከፈትኩትም።

ሲያልቅ አኔከ ለዝናሽ ከማሰሮው አንድ አበባ ቆርጣ ሰጠቻት። ዝናሽ አበባውን እያሸተተች፣ «ቤትሽ ስንት በር አለው?» አለችኝ።

«አንድ። የውስጦቹን ነቅያቸዋለሁ።»

«ነቅለሽ!» ብላ በሳቅ ፈነዳች። «እዚህ በእኔ ላይ በሩን ሌላ ሰው ይዘጋል፣ ሌላ ሰው ይከፍታል። አንቺ ደግሞ የራስሽን ነቅለሽ ጣልሽ? አሁን ወጥተሽ ባቡር ትይዣለሽ፣ ባሻሽ በኩል ትሄጃለሽ። ምን ያህል እንደምቀናብሽ ብታውቂ!»

ለአኔከ ተረጎምኩላት። አኔከ አልሳቀችም። «ይህን ልጽፈው?» ብዬ ስጠይቃት ዝናሽ እጄን ጨበጠችኝና፣ «ጻፊው፤ ግን በሩን የዘጋሁትን እንዳትረሺ» አለችኝ።

«ባሻሽ በኩል» ያለችው ነገር ሮተርዳም ጣቢያ ድረስ ተከተለኝ። በደልፍት የሚሄደው ባቡር ቆሞ ነበር። አንድ እግሬን ደረጃው ላይ አደረግኩ። በሩ ሊዘጋ ሲጮህ እግሬን መለስኩ። አልዋሽም፣ በጎዳ ተመለስኩ። እትዬ ዘነበች ሲከፍቱልኝ፣ «በደልፍት መጣሽ?» ብለው ጠየቁኝ። «አልመጣሁም፤ ግን አንድ እግሬን አስገብቼ ነበር» አልኳቸው። «እሰይ» አሉ። ከዚያ እራት ሳያቀርቡ ተቀመጡና፣ «በይ፣ ብረቱ ምን ነበር? ንገሪኝ» አሉኝ። በዚህ ሁሉ ዓመት ስላለፍኩት ነገር የጠየቁኝ የመጀመሪያ ጥያቄ ነው። ስለ ብረት መቼ እንደሰሙ አላውቅም፤ በእንቅልፌ እናገር ነበር መሰለኝ። ነገርኳቸው። ሙሉውን አልነበረም፤ እስከ ልጅቷ እጅ ድረስ ነገርኳቸው። ወጡ እስኪቀዘቅዝ ሰሙኝ።

ዓርብ፣ ወደ ቢልመር

በጎዳ፣ በኡትሬክት አድርጌ ተመለስኩ። ዝይዎቹ አሁንም ይግጣሉ። ባቡር ውስጥ ተራ ወደ ያዝኩበት ቢሮ ደወልኩ፤ ያችው ጨዋ ድምፅ አሁንም «ይጠብቁ» አለችኝ። በዚህኛው ጊዜ ግን ስልኩን አልዘጋሁም። «ማንም ተራውን ከሰረዘ እኔን ጥሪኝ፤ በዚያው ቀን እመጣለሁ፤ በየትኛውም ባቡር» አልኳት። «በየትኛውም?» አለች። «በየትኛውም» አልኩ፤ ከተናገርኩት በኋላ ራሴ ደነገጥኩ።

ጉዞው ምን አስተማረሽ ብትሉኝ፣ ቅናት ክፉ ነው ብዬ አልሰብክም። በዝናሽ ዛሬም እቀናለሁ። ግን የቀናሁበትን ነገር ልብ ብዬ ሳየው በወርቋ ወይም በመልኳ አልነበረም፤ የሚያስፈልገኝን ነገር ሰው እጅ ላይ አይቼ ነው። እንዲያ ከሆነ ቅናት እኔን ከሚያሳድደኝ እኔ ነገሩን ላሳድደው፤ ሄጄ መፈለግ አለብኝ።

ቤተል ከትምህርት ቤት ስትመጣ ዕቃ ማስቀመጫው ደጅ ላይ ጠበቅኳት። ብስክሌቱን አውጥቼ፣ አቧራ የጠገበውን በሯን ግድግዳ አስደግፌ፣ ካቻቢቴ ይዤ።

«ማማ! ምን እያደረግሽ ነው?»

«ያዢልኝ። ከታች ያዢ።»

«ሊፍት አለ እኮ!»

«በደረጃ።»

አራት ፎቅ በደረጃ አወጣነው። ሦስተኛው ላይ ቁጭ ብለን ስናለከልክ፣ «ቆይ፣ ለምንድን ነው የነቀልሽው? አየር ነው እንዳትዪኝ» አለች። ነገርኳት። ለእትዬ ከነገርኳቸው ያጠረ ነው፤ በረሃ፣ ኮንቴነር፣ ብዙ ሰው፣ አንኳኳን፣ ማንም አልከፈተም። አፏን ከፍታ ሰማችኝ። ከዚያ የበሩን ከባዱን ጫፍ እሷ ያዘች።

ማጠፊያውን ስናጠብቅ ጨለም ብሎ ነበር። በሩ ትንሽ ይጮሃል፣ ከታች ወለሉን ይነካል፤ ግን ይዘጋል። ቤተል ገብታ ዘጋችው። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። የልጄ ድምፅ የለም፣ ፊቷ የለም፣ ነጭ እንጨት ብቻ።  መሸሽ አማረኝ። ከዚያ እጄን አነሣሁና አንኳኳሁ።

ወዲያው ተከፈተ።

«ምን ፈለግሽ?» አለች።

«ምንም። ሲንኳኳ ይከፈት እንደሆነ ላይ ብዬ ነው።»

ትንሽ አየችኝ። አባቷን፣ አምስተልቨንን፣ ቅዳሜን አላነሣችም። በሩን በእጇ ይዛ፣ «በይ ደግመሽ አንኳኪ» አለችኝና ዘጋችው።